ረጃጅሞቹ ስፒከሮችና የአባቴ ጸናጽል

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ጸናጽሉ የለም። ቅጂውን ከዓመት በኋላ ዛሬ ደጋግሜ ከፈትኩት፣ የለም። ከበሮው አለ፣ የመዘምራኑ ድምፅ አለ፣ መቋሚያው ወለሉን ሲመታም ይሰማል። ጸናጽሉ ብቻ ከመሐል ተነቅሎ ወጥቷል።

ቅጂው አባቴ እዚህ ጅቡቲ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ያዜሙበት ነው። አባቴ በሥራ ቀን ባቡር ጣቢያ ጭነት ይቆጣጠሩ ነበር፤ በበዓል ደግሞ ከመዘምራኑ ጋር ይቆማሉ። ድምፃቸው እምብዛም ነበር፣ እሳቸውም ያውቁታል። እጃቸው ግን የተመሰገነ ነው። ከስንት ሰው ጸናጽል መካከል የሳቸውን ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ጸናጽሉ ከሌለ አባቴ እዚያ ቅጂ ውስጥ የሉም። ሌላ ድምፅ አልተዉልኝም።

ስፒከሮቹን የገዛሁት ከዓመታት በፊት አንድ ፈረንሳዊ መምህር አገሩ ሲገባ ነው። ወለል ላይ የሚቆሙ፣ ቁመታቸው እስከ ደረቴ የሚደርስ ናቸው። ልገዛ የሄድኩ ዕለት ይህንኑ ቅጂ በስልኬ ይዤ ሄድኩና አስከፈትኩት። በድሮው ቴፓችን ጸናጽሉ ዕድሜ ልኩን የቆርቆሮ ጫጫታ ነበር። በነዚህ ግን እያንዳንዷ ብረት ስትጋጭ ለብቻዋ ተሰማች፤ አባቴም በግራ በኩል፣ ከከበሮው ኋላ ቆመው ነበር። ሰውዬው ፊት እንዳላለቅስ ሽቦውን የምመረምር መሰልኩ።

የምጠረጥረው፦ ሰኞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡትን የላይኞቹን ትንንሽ ክቦች አቃጥሏቸዋል። ወይም የባሕሩ ጨው አንዱን ነገር በልቶታል። እዚህ ከተማ ጨው የማይበላው ነገር የለም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ከሥራ እንደገባሁ ኋላቸውን ፈታሁ። አንዱ ሽቦ አረንጓዴ ዝገት ይዞ አገኘሁት። በጥጥና በአልኮል ጠረግሁት፣ አጠበቅሁት። ከበሮው ጠራ፣ ደረቅ አለ፣ ትንሽ ደስ አለኝ። የግራውን ሽቦ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወርኩ። ጸናጽል የለም።

ሚስቴ ጽጌ በበሩ ብቅ ብላ "እንግዶችህ ዛሬም አልተቀመጡም?" አለችኝ። ከገቡ ጀምሮ ቆመው የሚያድሩ እንግዶች ናቸው ትላቸዋለች። አንድም ቀን ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ሰምታቸው አታውቅም።

ሙሳ ጋ ደወልኩ። እኔ እስከማውቀው በከተማው እንዲህ ያለ ስፒከር ያለን እኔና እሱ ብቻ ነን። ድሬዳዋ ያደገ ሱማሌ ነው፤ ካርቲየ 4 ሰፈር ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ስንገናኝ ስለ ስፒከር ካልሆነ አናወራም። እኔ የሱዎቹ ወፍራም ድምፅ ስለሚያበዙ ዘፋኙን ሁሉ ጉንፋን ያስይዙታል እለዋለሁ። እሱ ደግሞ የኔዎቹ እውነት ያበዛሉ ይላል፤ በደንብ ያልተቀዳውን ዘፈን ጉዱን ያወጡታል፣ ሰው ደክሞት ከሥራ ሲገባ እውነት አይፈልግም ይላል።

ችግሬን ነገርኩት።

"ሁለቱም ባንድ ቀን አይቃጠሉም አቦ። አንዱ ተቃጠለ በለኝና ልመንህ።"

ተናደድኩ። ዓርብ መጥቶ ይሰማቸዋል።

ዛሬ ደግሞ ሙቀቱ ቀለል ብሏል። እዚህ ስፒከር በወጉ የሚሰማ ሰው ክሊሙን ያጠፋል፤ ማቀዝቀዣው እያፏጨ ሙዚቃ አይሰማም። ሐምሌን ፎጣ አንገታችን ላይ ጥለን እየቀለጥን ነው የምንሰማው። ዛሬ ግን ፎጣውም አልራሰ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ነፋስ። አሸዋ። ወደቡ ላይ ቀኑን ሙሉ ሁለት ጄኔሬተር ፈታን። የዓሣ ኮንቴይነር እንዳይሞቅ አለቃው ሲጮህ ዋለ፣ አፉ ሲንቀሳቀስ እንጂ ምን እንደሚል ማን ይሰማዋል? ወጣቶቹ ጆሯቸው ላይ መከላከያ ያደርጋሉ። እኔ ሞተሩን በጆሮዬ ነው የማክመው፣ ሸፍኜው አላውቅም።

ዱባይ የላይኞቹን ክቦች የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ጥንድ እንዲልክልኝ ጻፍኩለት።

ማታ ከጽጌ ጋር ተጣላን። ሰሞኑን ስታወራ ድምፅዋን ትውጠዋለች። "ምን አልሽ?" ስላት እንደገና ትውጠዋለች። ጥርስሽ ውስጥ አታውሪ አልኳት። "ተወው" ብላ ተነሣች። እራቴን ብቻዬን በላሁ። ሴት ባሏን ለማናገር እንዲህ ትሰንፋለች?

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ሙሳ ከጁምዓ በኋላ መጣ። ፎጣውን ይዞ፣ ጫቱን ይዞ። ክሊሙን በሪሞት አጠፋሁ፣ የአባቴን ቅጂ ከፈትኩ፣ ወንበሬን ለቀቅሁለት። እሱ ግን መስማት አልጀመረም። ቀና ብሎ ግድግዳውን ያያል።

"አቦ፣ ክሊሙን አታጠፋውም እንዴ?"

"አጥፍቻለሁ።"

"ይኸው እያፏጨ ነው!"

እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። ቀዝቃዛ ነፋስ መዳፌን መታኝ። ሪሞቱን እንደገና ተጫንኩት፣ ምንም የለም፤ ባትሪው አልቋል። መቼ እንዳለቀ አላውቅም። ድሮ ስጫነው ጢጥ ይል ነበር።

ሙሳ ተነሥቶ ከግድግዳው ላይ አጠፋው። ተመልሶ ተቀመጠና ቅጂውን እስከ መጨረሻው ሰማ። እኔ የሱን ጉልበት አየሁ። በጣቱ ጉልበቱን ይመታል፣ ከከበሮው ጋር አይደለም፤ ከበሮው ባለፈ በትንሹ ቆይቶ ነው የሚመታው። ምን እየተከተለ እንደሆነ ገባኝ። ሲያልቅ ጫቱን አልፈታም።

"ደሳለኝ፣ ስፒከሩ ደኅና ነው" አለኝ። ሁልጊዜ ደሴ ነበር የሚለኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ቁልፌን ጆሮዬ ሥር አራገፍኩት። በቀኝ በኩል የጨርቅ ያህል ነው፣ በግራ ምንም። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ ውኃው ተኖ አለቀ። የስልኬን ጥሪ ቀየርኩ፣ ወፍራሙ ይሰማኛል፣ ቀጭኑ አይሰማኝም። ወፎች አሉ ወይ ብዬ ሰገነት ላይ ቆምኩ። ቁራ ብቻ ነው የሰማሁት።

ጽጌን ጠየቅኋት። ታውቅ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ በፊት። መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልከኝ መስሎኝ ቂም ይዤብህ ነበር። ኋላ በሩ ሲንኳኳ ተቀምጠህ አየሁህ።"

ልጃችንም አዲስ አበባ ሆና ታውቃለች። የመሥሪያ ቤት ወጣቶቹም ያውቃሉ፣ ለካ ለዚህ ነው ሲጠሩኝ ትከሻዬን የሚነኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስለ ሐሜት ይመስለኝ ነበር፤ ሐሜቱም ስለ ጆሮዬ ሆነና አረፈው።

እንደዛሬ አዝኜ አላውቅም። ለጽጌ ግን ደግ አልሆንኩም። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት። "ስነግርህ አትሰማም" አለችና እሷው ደነገጠች። አልሳቅንም።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ቅዳሴ አልሄድኩም። ከሰዓት በኋላ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ያለ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ በፈረንሳይኛ ነው የተነጋገርነው። የመስታወት ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረገች፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የምጫነው ነገር አስያዘችኝ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ተጫንኩ። ከዚያ ቆመ። ጠበቅሁ። እሷ በመስታወቱ ወዲያ ታየኛለች።

"ሁለተኛውን ጆሮ ሲጀምሩ ይንገሩኝ" አልኳት።

"ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ሙሲዬ።"

ወረቀቱን አሳየችኝ። መስመሩ ደልደል ብሎ ይሄድና መሐል ላይ ሲደርስ ወደ ታች ይገባል። ሁለቱም ጆሮ እንደዚያ ነው። የሞተር ሥራ ነው፣ ዕድሜም አለበት አለች። ይመለሳል ወይ አልኳት። አይመለስም። መሣሪያ ጆሮዬ ውስጥ ላደርግ እችላለሁ፣ ሰው ሲያወራ ይረዳኛል። ሙዚቃስ? እጇን እንዲህም እንዲያም አወዛወዘች። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መሣሪያ ሞክሬው ነበር። የሷ ድምፅ ከቆርቆሮ ውስጥ መጣ። የድሮ ቴፓችንን አስታወሰኝ።

ስወጣ ሙቀቱ አናቴን መታኝ። ግንቡ ሥር ጥላ ፈልጌ ቆምኩ፣ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ። አሳምሬ መስማት እችላለሁ ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ። ሌላ የምኮራበት የለኝም። ሞተር የሚያክም ሰው ሞልቷል፣ እኔ ግን ሰምቼ ነበር የማውቀው።

ለዱባዩ ሰው አትላክ ብዬ ጻፍኩለት።

ሙሳ ደወለ፣ አላነሣሁም። መልእክት ላከ፦ "ስፒከሮቹን እኔ ጋ ላምጣቸውና እየመጣህ ትሰማቸዋለህ።" ምን ልሰማ? ይወሰዱ ብል ሳሎኑ ባዶ ይሆናል፤ ይቆዩ ብል በየቀኑ ያዩኛል። አልመለስኩለትም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ሥራ ቀረሁ። ረፋዱ ላይ ስፒከሮቹን በጨርቅ ሸፍኜ ነበር፣ ጽጌ መጥታ ገፈፈችው። "ሰው የሞተ አታስመስል" አለችኝ።

ከዚያ እንዴት እንዳሰብኩት እንጃ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጪ አልኳት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀመጠች። ሪሞቱን ትቼ ክሊሙን ከግድግዳው ላይ አጠፋሁ፣ መጥፋቱንም በመዳፌ አረጋገጥሁ። ፎጣዬን ሰጠኋት። የአባቴን ቅጂ ከፈትኩና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ስለ ስፒከሩ ሰው ሲጠይቀኝ ስንት ነገር ነበር የምለው። ድምፁ ከሳጥኑ አይወጣም፣ ከመካከላቸው ካለው ባዶ ቦታ ነው የሚወጣው። መዘምራኑ ሲተነፍሱ ይሰማል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ከፍታው ይታወቃል። ከእንግዲህ ይህን ሁሉ ሌላ ሰው ነው የሚነግረኝ። አላስችል አለኝ፣ ጥቂት ሳልቆይ ጠየቅኋት።

"ጸናጽሉ ይሰማል?"

"ይሰማል።"

"በደንብ?"

"ጥርት ብሎ። አባባ ናቸው፣ ያው በግራ በኩል።" እጄን ያዘችኝ። "ምንም አልጎደለም።"

ዓይኔ እንባ ሞላ። ቅጂው ውስጥ ግን ገና ቁም ዜማው ነበር። ቁም ዜማ ላይ ጸናጽል የለም፣ ከበሮም የለም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ይህን የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፣ በችኮላ ረስቼው ጠየቅኋት እንጂ። ሚስቴ ያልተመታ ጸናጽል ሰማሁ አለችኝ። በግራ በኩል ያለችውም እኔ ስለፈልፍ የሰማችውን ነው።

  ከእንግዲህ የምሰማው እንዲህ ነው፤ ሰው ካዘነልኝ ይሰማል ይለኛል። እጄን ከእጇ አላወጣሁም። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። መቋሚያው ጀመረ፣ ወለሉን መታ፣ ቆየ። ከበሮው ገባ።

ጽጌ ቀና አለች። ወደ ግራው ስፒከር ዞረች፣ አፏ በትንሹ ተከፈተ። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆየች፣ ሰው በር ሲከፍትባት እንደምትሆነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ቅድም ምን ብላኝ እንደነበር ትዝ አላት መሰለኝ፣ ዓይኗን ሰበረች።

አባቴ አሁን ገቡ ማለት ነው።