የአባባ ሆድና የበኩራቱ ኮክ

ሐምሌ 17

ዛሬም ምግብ እምቢ አሉ። አባባ እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው፤ በማስታገሻው ኪኒን ሆዳቸው ደርቆ ይኸው ስድስት ቀን። «የገባው ካልወጣ ምን ያስጨምረኛል?» ይላሉ። ፊታቸው ጠቁሯል። ፈርቻለሁ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን አማከርኳት። «እስከ ማርያም ካልሆነላቸው ሆስፒታል ነው። እስከዚያ ውኃና ፍራፍሬ ስጫቸው። ጓሯችሁ ኮክ የለም እንዴ?» አለችኝ። አለ እንጂ! ያውም መብሰል ጀምሯል።

ያለችኝን እንዳልረሳው፦ በደንብ ታጥቦ፣ ሳይላጥ። ሆድ የሚያለሰልሰው ፋይበር ቆዳውም ላይ አለ። ቫይታሚን ሲም አለው። መሃሉ ያለውን ጠንካራ ፍሬ ሰብሮ ውስጡን መብላት ክልክል፣ መርዝነት አለው። ልጅ ሳለን በድንጋይ እየፈለጥን ስንቆረጥም ማን ነገረን!

ሐምሌ 18

አምስት ለቅሜ አቀረብኩ። አፈጠጡብኝ። «በኩራቱ ለአሸተን ማርያም ሳይደርስ?»

ረስቼው! የዛፋችን የመጀመሪያ ፍሬ በሃያ አንድ ተራራው ላይ ላለችው ማርያም ይሄዳል፤ ከዚያ በፊት ቤታችን ማንም አይቀምስም። «እርስዎ እኮ በሽተኛ ነዎት» ብል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እልኸኛ! እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝ።

ሐምሌ 19

ዋሸሁ።

ዘንቢል ይዤ ወጣሁ፣ በጓሮ ዞሬ የራሳችንን ለቀምኩ፣ ዝናብ እንዳበሰበሰኝ ገባሁ። «ከገበያ ነው፤ ከሙጃ የመጣ ኮክ» አልኳቸው። አገላበጡት፣ አሸተቱት። ሦስት በሉ! ከነቆዳው። አገጫቸውን ስጠርግላቸው እንባዬ መጣ። ማርያም ይቅር ትበለኝ።

ሐምሌ 20

ጠዋት አራት፣ ከሰዓት ሁለት። ውኃ ደጋግመው ጠጡ። ምንም የለም። ነገ ሆስፒታል በቃሬዛ የሚያወርዱልኝ ጎረቤቶች ለመንኩ። በውሸቴ ምክንያት ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩ።

ሐምሌ 21

ሆነላቸው! ገና ሲነጋ። ፖፖውን ይዤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ቁርስ ጠየቁ፤ ፍትፍቱን ጥርግ አድርገው በሉ።

ለማርያም የምወስደውን ኮክ ዘንቢል ውስጥ ስደረድር አላስቻለኝም።

«አባባ፣ የበሉት የገበያ አልነበረም።»

«እኔ የተከልኩት ኮክ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን በሉ?»

«ርቦኝ ነበራ! ልጄ ዋሽታ ካበላችኝ ኃጢአቱ የእሷ ነው አልኩ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ብቻዬን ስቃጠል! ተናድጄ ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ለቄሱ ስትናዘዢ የእኔንም አብረሽ ንገሪልኝ፤ እኔ በዚህ እግሬ ተራራውን አልወጣም።»

ጉደኛ! ግንባራቸውን ስሜ ወጣሁ።