ሳንቃውን ያነሣሁ ዕለት

ኦክላንድ፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ አሁንም ከሬዲዮኑ ቀድሞ ዝናብ ይናገራል? ባልሽስ እያንኮራፋ ሰፈሩን ያስተዳድራል? እኔ ጉንፋን እንኳ የናቀኝ፣ ደኅና ነኝ።

ባለፈው «አዲስ ቤት ገባሁ» ያልኩሽ፣ እታለም፣ ጀልባ ነው። አትጩሂ። ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር አጠገብ ቦዩ ላይ የታሰረ፣ ሆዱ እንደ ገበታ ጠፍጣፋ፣ የድሮ የጭነት ጀልባ። ባለቤቱ ታክቶት «ካደስከው ኑርበት» ብሎ ተወልኝ፤ ሬንት የሚባል የኪራይ ጣጣ የለበትም። ስጠግን ስቀባ ከረምኩ። በኋላ ከከተማው አንድ ሹም መጣና ለቅርስነት የሚበቃ ታሪክ እንዳለው የሚመሰክር ሰው እስከ ዓርብ ካላቀረብኩ ጀልባው ተሰባብሮ እንደሚጣል ነገረኝ።

የሰፈሩን አሮጌ ጀልበኞች ብለምን «ተወው ልጄ» እያሉ ሸኙኝ። አባታቸው ይህንኑ ጀልባ ይነዱ ነበር የተባለላቸው ሚስ ፐርልማ በሩን ፊቴ ላይ ዘጉት።

ዓርብ ሁሉንም ጀልባው ላይ ምሳ ጋበዝኳቸው፤ ሚስ ፐርልንና ሹሙንም ጭምር። ሉሊት፣ ያቺ በየደብዳቤው የማማልሽ የሳን ሆዜ ተማሪ፣ ወጡን ሠራች። በልተው ሲያበቁ የመሻገሪያውን ሳንቃ ወደ ውስጥ ሳብኩና፣ እንደ አገራችን አውጫጭኝ፣ እውነቱ ሳይወጣ ማንም ቤቱ እንደማይገባ አወጅኩ። ሳቁብኝ። የሚመሰክር ግን ጠፋ። ሉሊት ብዕሯን ይዛ በዐይኗ ትገርፈኛለች። ጨነቀኝ፤ ቤቴ መሄዱ ነው። ተነሣሁና ይህ ጀልባ ዕድሜ ልኩን የፈረስ ፋንድያ ሲያመላልስ ስለኖረ ቢሰበርም አያስቆጭም አልኩ።

ሚስ ፐርል ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ።

«አንተ ቀጣፊ፤ ድርቆሽ ነው የጫነው። የሳን ፍራንሲስኮን ፈረስ ሁሉ ያበላው አባቴ ነው። እኔም እዚሁ፣ አንተ በቆምክበት፣ ድርቆሹ ላይ ነው የተወለድኩት።»

ፋንድያውስ? አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ሲመለስ ብቻ።»

ከዚያ ማን ያስቁማቸው። ጀልባው ሳን ፍራንሲስኮን ካፈረሰው የመሬት መናወጥ በፊት እንደተሠራ፣ ድርቆሹ ከፊት ያለውን እየጋረደ አባታቸው ከፍ ካለ ቦታ ቆመው መሪውን ይይዙ እንደነበር፣ መኪና መጥቶ ፈረሶቹ ሲጠፉም ጀልባው ሥራ እንደፈታ ዘከዘኩት። ሽማግሌዎቹም «የለም፣ እንዲህ ነው» እያሉ ይነታረኩ ጀመር። ሹሙ ሲጽፍ እጁ ዛለ፤ በመጨረሻ አይሰበርም ብሎ ፈረመ። ሳንቃውን ብዘረጋው የሚወርድ ጠፋ።

ትምህርቱስ? ትይኝ ይሆናል። ሉሊት ለሁለታችንም እየተማረች ነው፤ ለእማማ አትንገሪ። ጋቢ ከላክሽልኝ ደግሞ ሰፊውን ይሁን። በርዶኝ አይደለም፤ ያለኝ በአንድ ወገን እየተጎተተ ስላለቀብኝ ነው።

ደጅሽን ሰው አያሳጣው፣ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ።

መከራሽ የሆነው ታናሽ ወንድምሽ