ጨዋታችንን ድንች ላይ ለሚያስቆሙት ጋሽ አስቻለው

ለተከበሩ ጋሽ አስቻለው ይሄነው
የ«ዘንገና ዳር አንባቢያን» የቴሌግራም ግሩፕ መሥራች፣ አስተዳዳሪ፣ ቃል ሰጪና ቃል ነሺ
ዳንግላ

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ከእንጅባራ ብርድ ተነሥቶ፣ ኔትወርክ ከፈቀደለት፣ ዳንግላ ድረስ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎን ተሻለዎት? መነጽርዎስ ተገኘ? እኛ ቤት ሁላችንም፣ እርስዎ እንዳዘዙን፣ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በግል መላክ ስችል በግሩፑ ፊት መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በግል ብልክልዎ «አይዞህ ዮኒዬ» ብለው እንደሚመልሱልኝና ነገሩ እዚያው እንደሚቀር ስለማውቅ ነው። «አይዞህ» የሚባለው ቃል ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ቤታችን ውስጥ በብዛት ተከማችቷል፤ ላነሰው ሰው ማካፈልም እችላለሁ።

በቅርቡ ለተቀላቀሉን አባላት ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከጨዋታው ልጀምር። ቀጥሎ የምናነበውን መጽሐፍ በድምፅ ብልጫ መምረጥ የተውነው፣ እትዬ ስሜነሽ ጥሊሊ ያሉ ዘመዶቻቸውን በሙሉ ግሩፑ ውስጥ አስገብተው ካሸነፉን በኋላ ነው። ያን ጊዜ እህቴ ቤዛዊት ይህን ጨዋታ አመጣች። ቅዳሜ ከሰዓት እርስዎ አንድ ቃል ይጥላሉ፤ ቀጣዩ ሰው ያንን ሲያነብ መጀመሪያ የመጣለትን ቃል ሳያሰላስል ይጽፋል፤ ሌላው ደግሞ በእርሱ ላይ ይቀጥላል። በአማርኛ ካልመጣለት በአዊኛ መጻፍ ይችላል። እርስዎ «ይቁም!» ሲሉ የመጨረሻው ቃል ከታጩት መጻሕፍት የትኛውን እንደሚያስታውስ ይታይና እርሱ ይነበባል።

ቤዛዊት ያጨችው አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ነበር፤ ከወንድሟ ጋር የውኃ ወፍጮ ስለምታሠራ ሴት የሚተርክ። ቃሉን ወደ ወፍጮ ቤት ለመጎተት ያላደረገችው ጥረት እንደሌለ እርስዎም ያስታውሳሉ። የመጨረሻዋን ጨዋታ የተጫወተችው ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆና ነው። እርስዎ «ዝናብ» አሉ፤ ባጃጅ ነጂው ምንይችል፣ ሌላ ምን ሊመጣለት፣ «ጭቃ» አለ፤ እትዬ ስሜነሽ «ጤፍ» አሉ፤ ቤዛዊት «ወፍጮ» አለች። እርስዎም ወዲያው «ይቁም!» አሉ። ያን ዕለት ትንሽ ያዳሉላት ይመስለኛል። ስለዚያ አመሰግንዎታለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ምንም ተንኮል የጻፍኩት ምስጋና ይህ ነው። መጽሐፉን ሳንጀምረው ቤዛዊት ዐረፈች።

አሁን፣ ከይቅርታ ጋር፣ ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፦ በደንቡ መሠረት የተመረጠው መጽሐፍ «ለጊዜው» ተብሎ ተቀመጠ። በዚያ ምትክ ስለ ንብ ማነብ አነበብን፤ ቀጥሎ ስለ ፈረስ ኮቴ አያያዝ አነበብን፤ አሁን ደግሞ ስለ ድንች አመራረት እያነበብን ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ማንም እንደማይሞት፣ ከጥቂት ንቦች በስተቀር፣ ተረድቻለሁ፤ ስለ ምርጫዎ ጥንቃቄም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ስንዝር መሬት የሌለው ምንይችል ዛሬ ተሳፋሪዎቹን ስለ ድንች ዘር አመራረጥ እያስተማረ የሚሄደው በእርስዎ ጥረት ነው። ተሳፋሪዎቹ ግን ከመድረሻቸው በፊት መውረድ ጀምረዋል ይባላል።

ሁለተኛ፦ የዳንግላ ኔትወርክ እንዲህ ለሰው የሚያዝን መሆኑን አላውቅም ነበር። ባለፈው ወር «መንገድ» ብለው ጀመሩ፤ አንዱ «ባጃጅ» አለ፤ ሌላዋ «ሐኪም ቤት» ብላ ከመጻፏ፣ «ኔትወርክ ተቋርጦብኝ ነበር፣ እንደ አዲስ እንጀምር፣ ድንች» የሚል መልእክትዎ ደረሰን። ኔትወርክ የሌለው ሰው ይህን መልእክት በምን እንደላከ መጠየቅ ለተማሪ አይገባም። ከዚያ ወዲህ በ«እህት»፣ በ«አልጋ»፣ በ«ጥቅምት» እና ባልገባኝ ምክንያት በ«ብርቱካን» ላይ ኔትወርኩ ተቋርጧል። ብርቱካኑ በኋላ ገባኝ፤ ለካ ሊጠይቋት ሲመጡ ይዘውላት የመጡት ብርቱካን ነበር።

ሦስተኛ፦ እኔ የሌለሁበት ሁለተኛ ግሩፕ እንዳለ ለማወቅ የበቃሁት በእትዬ ስሜነሽ ደግነት ነው። በድምፅ የላኩትን ቃል በቃል ላስፍር፦ «አስቻለው፣ ‹ሐኪም› የሚለውን ቶሎ አጥፋው እንጂ፣ ልጁ ያየዋል! ኋላ እናቱ ምን ትለናለች? ምንይችልንም ንገረው፣ እሱ ሰውዬ አፉ ፍሬን የለውም። ውይ! በሞትኩት! ይሄ የትኛው ግሩፕ ነው?» ድምፁ ከመጥፋቱ በፊት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከቀብሩ ወዲህ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ስለነበር እትዬ ስሜነሽ እንዳይወቀሱልኝ አደራ እላለሁ። የዚያ ግሩፕ ስም «ለዮኒ ሲባል» መሆኑንም ምንይችል ራሱ ነግሮኛል። ስለ ፍሬኑ የተነገረው እውነት ነው።

አራተኛው ቅሬታ ነው ወይስ ሌላ፣ እኔም አላውቅም። በአገራችን ኀዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወቱለታል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እህሉ ያወሩለታል፤ ሐሳቡን ከሞተው ሰው ላይ ዞር ያደርጉለታል። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ እኛም ደጅ ተደርጓል። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ዘምረው፣ ጎረቤት ቤታችንን ሞልቶ ከርሞ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ አግዳሚ ወንበሮቹም ለየባለቤታቸው ተመልሰዋል። ያልፈረሰው የእርስዎ ድንኳን ብቻ ነው። እኔ መርዶዬን ሰምቼ ያለቀስኩ ሰው ነኝ፤ እርስዎ ግን ገና እንደሚያረዳኝ ሰው በር ላይ ቆመው ስለ ድንች ያወሩኛል።

ደግሞ ይህን ስጽፍ እፈራለሁ፣ ግን ልጻፈው፦ እርስዎ እዚህ እንጅባራ ሳሉ እርሷን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አስተምረዋታል። ከሞተች ወዲህ ስሟን አንድም ቀን ሲጠሩ አልሰማሁም። ኔትወርኩ የሚቋረጠው ለእኔ ሲባል ብቻ ነው ብዬ ለማመን ሞክሬ አልቻልኩም።

ጋሽ አስቻለው፣ ችግሬ ይህ ነው። እኔ የማውቃት የቤቷን ቤዛዊት ብቻ ነው። እርሷን ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስላሰብኳት እያለቀችብኝ ነው። ምንይችል ወደ ሥራ የሚያደርሳት ቤዛዊት ምን እያለች ትስቅ እንደነበር አላውቅም። እትዬ ስሜነሽ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ ምን ታወራ እንደነበር አላውቅም። እርስዎ ክፍል ውስጥ ጎበዝ ትሁን ሰነፍ፣ አላውቅም፤ ለእኛ ጎበዝ ነበርኩ ብላናለች፣ ግን ማስረጃ አላየንም። እነዚህ ሁሉ እናንተ ዘንድ አሉ። እናንተ ደግሞ ለእኔ ስትሉ ደብቃችኋቸዋል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህን ነው። በፊታችን ቅዳሜ መጽሐፍ የመምረጥ ድካም አይኖርብዎትም፤ መጽሐፉ በደንቡ ተመርጦ ያለቀ ነው። የእርሷ ቅጂ መደርደሪያችን ላይ አለ። «ቀድሞ ማንበብ ክልክል ነው» የሚለውን ደንብዎን አክብሬ እስከ ዛሬ አልገለጥኩትም፤ ከግሩፑ አባላት ይህን ደንብ ያከበረ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። በመጽሐፉ ውስጥ ሰው እንደሚሞት ሰምቻለሁ። ይሙት። አብረን እናነበዋለን።

ጨዋታው ግን አይቅር። ቅዳሜ ከሰዓት የሚጥሉት ቃል «ቤዛዊት» ይሁንልኝ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የመጣለትን፣ ሳያሰላስል፣ ሁለተኛውን ግሩፕ ሳያማክር ይጻፍ። ደስ የማይል ቢሆንም ይጻፍ። በአዊኛም ይሁን። እርስዎም ይጻፉ፤ እባክዎ «ይቁም!» ለማለት አይቸኩሉ።

ለወገብዎ ምሕረትን፣ ለመነጽርዎ መገኘትን፣ ለዳንግላ ኔትወርክ ደግሞ ትንሽ ጭካኔን እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የደንብዎ አክባሪ፣ በእርስዎ ቸርነት የንብና የፈረስ ኮቴ ሊቅ (የድንቹን ጉዳይ ከታች ይመልከቱ)፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣
የቤዛዊት ወንድም
ዮናዳብ ፀጋው
እንጅባራ

ማስታወሻ፦ ደንቡ ለእኔም ስለሚሠራ የእኔን ቃል ከወዲሁ ላስመዝግብ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ጠዋት ሲበርድ፣ ቤዛዊት ትኩስ የተቀቀለ ድንች በሁለቱም የኮት ኪሶቼ ትከትልኝ ነበር፤ እጄ እንዲሞቅ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አንዱን ትቀበለኝና «ይህ የምድጃው ኪራይ ነው» ብላ እዚያው ቆማ ትበላዋለች። እንግዲህ እርስዎ እኔ እንዳላስታውሳት በብዙ ጥንቃቄ የመረጡልኝን መጽሐፍ ከሽፋኑ ማለፍ አልቻልኩም፤ ሽፋኑ ላይ ድንች አለ። ከፈለጉ ይህንንም ቃል ይከልክሉት፤ ግን ድንች ከተከለከለ እንጅባራ ላይ የሚወራ ነገር እንደማይቀር በአክብሮት አስታውሳለሁ።