እማዬ በጥቁር ልብስ የተነሳችው ፎቶ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለሳምሶን ሽብሩ፤

ከሁሉ አስቀድሜ በጌታ ስም ሰላም እልሃለሁ። እንዴት ነህ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ ሁልጊዜ የምታማርረው ወገብህ እንዴት ነው? ኤልቤቴል ከወለደች በኋላ ጉልበቷ ተመለሰላት ወይ? ትንሹ አማኑስ እንቅልፍ ይሰጣችኋል? ብርዱ ቀለል አለላችሁ? እንደ ወትሮው ቢሆን «እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብዬ እቀጥል ነበር። ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ጋሽ ይርጋ ከቤተክርስቲያናችሁ ሰዎች ጋር ቤትህ መጥተው፣ አጠገብህ ተቀምጠው፣ አባታችን በጥር ወር ማረፉን ነግረውሃል። ከዚያ በፊት ደብዳቤውን እንዳይሰጡህ ቃል አስገብቻቸዋለሁ። ጌታ ያጽናህ ወንድሜ። እኛንም ያጽናን።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ቡናውን ሸጦ ከወናጎ ሲመለስ ደረቴን ጨነቀኝ አለ። ወዲያው ሆስፒታል ወሰድነው፤ ጥቂት ቀን ተኛ፤ ብዙም አልተሠቃየም። ሊያርፍ ሲል እንኳ ነርሷን ያስቃት ነበር። ከገደብ ወረዳ ሳይቀር ዘመድ መጥቶ በወግ ተቀበረ።

ለምን በስልክ አልነገራችሁኝም ብለህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። እኔም ብሆን እቆጣ ነበር። አጎታችን ሲሞን ግን «በሰው አገር ብቻውን ቆሞ በስልክ መርዶ የሚሰማ ልጅ የለንም፤ ሰው ትከሻውን ይዞት ይነገረዋል» አለ፤ ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። ጋሽ ይርጋ ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ እናንተ አገር እስኪመጡ እንጠብቅ ተባለ። አስቸጋሪው አንተ ሆንክብን። በደወልክ ቁጥር «የአባዬና የእማዬ ፎቶ የት ደረሰ? የቪዛው ቀጠሮ ሊያልፍ ነው» ትላለህ።

የመጀመሪያውን ፎቶ ታስታውሰዋለህ። በኅዳር ሁለቱንም ይዤ ፈድሉ ፎቶ ቤት ሄድኩና የላክልኝን መመሪያ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጀርባው ነጭ ይሁን፣ ፊት ቀጥ ብሎ ይታይ፣ ጆሮ አይሸፈን፣ ጥርስ አይታይ፣ መነጽር ይውለቅ፣ ፎቶው ከስድስት ወር በላይ አይቆይ። አባዬ «ፊቴን እንዲህ የሚመረምሩት ሊድሩኝ ነው እንዴ?» ብሎ ፈድሉን አሳቀው። ከእርሻ የመጣበትን ሹራብ እንደለበሰ ተነሳ። ፈድሉ ደግሞ ደግነቱ ነው መቼም፣ ሹራቡን አይቶ አዘነና በኮምፒውተሩ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ አለበሰው። የግንባሩን ሽብሽብ አጠፋ፣ ጠይም መልኩን ቀይ ዳማ አደረገው፣ እማዬንም ከእኔ እኩያ አስመሰላት። አንተ «ይሄ የተነካካ ነው፣ ያስከለክላቸዋል፣ ፊታቸውን አትነካኩ» ብለህ ሁለቱንም መለስካቸው። አባዬ ግን በጣም ወዶት ነበር። «ከሠርጌ ቀን ይልቅ ያማረብኝ እዚህ ላይ ነው» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየ። ቡናው ይለቀምና እንደገና እነሳለሁ አለ። ቡናው ተለቀመ፤ እሱ ግን ታመመ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አሳድገን ያቆምነው ያንኑ ባለ ከረባቱን ፎቶ ነው። ያየው ሁሉ እያለቀሰ ፈገግ ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ አንተን መዋሸት ሥራዬ ሆነ። መብራት ጠፍቷል አልኩህ፣ የፈድሉ ማሽን ተበላሽቷል አልኩህ፣ አባዬ ወናጎ ሄዷል አልኩህ። የመጨረሻው እንኳ ውሸት አልነበረም፤ የተቀበረው እዚያው እርሻው አጠገብ ነው።

መጠርጠር መጀመርህን ያየው ሲሞን አንድ መላ አመጣ። ፈድሉ ያልተነካካውን፣ ባለ ሹራቡን ፎቶ አላጠፋውም ነበርና እሱ ይላክለት አለ። ከፈትነው። ጀርባው ነጭ ነው፣ ጆሮዎቹ ይታያሉ፣ አፉ ገጥሟል፣ ስድስት ወርም አልሞላውም። ከመመሪያው አንድም ነገር አላጓደለም። ስልኬ ላይ ጭኜው ልልክልህ ስል አቃተኝ። አንተ እኮ ያንን ፎቶ ይዘህ ቅጽ ትሞላለህ፣ አልጋ ታነጥፋለህ፣ ወፍራም ካፖርት ትገዛለታለህ። መርዶ መደበቅ የአባቶች ወግ ነው፤ የሞተን ሰው ለመንገድ ማዘጋጀት ግን ከየት የመጣ ነው? ሲሞንን እምቢ አልኩት፤ ተኮራረፍን።

የቀረው የእማዬ ፎቶ ነበር። ከጥር ወዲህ ጥቁር ከላይዋ አልወረደም። በጥቁር ካየሃት ያለ ነጋሪ ይገባሃል ብለን አረንጓዴ ቀሚሴን ለምነን አለበስናት። ፈድሉ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ አገጯን ቀና አደረገላት። ሊያነሳት ሲል «ቆይ» አለችው። «ይሄን የለበስኩት ለኤምባሲው ነው ወይስ ልጄን ላታልልበት?» ብላ ጠየቀችን። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ፈድሉም ካሜራውን ትቶ ወደ ውጭ ወጣ። «ፊታቸውን አትነካኩ ያለው ራሱ ልጄ ነው። እንዳለሁ ይየኝ» አለችና ጥቁሯን መልሳ ለብሳ ተነሳች። ሽማግሌዎቹም ይህን ሲሰሙ ከእንግዲህ ማቆየት የለም ብለው መርዶውን ለጋሽ ይርጋ አደራ ሰጡ።

የወረቀቱን ፎቶ አዲስ አበባ ወስደን ለኤምባሲው እንሰጣለን፤ አንዱን ለአንተ እዚህ ውስጥ አድርጌዋለሁ። በኦንላይን የምትጭነውን ጋሽ ይርጋ በፍላሽ ይዘውልሃል፤ በቴሌግራም ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል ብሎ ነው ፈድሉ። ደንቡ ነውና ሻሿን አውልቃለች፤ ፀጉሯ እንዲህ መሸበቱን አይተህ አትደንግጥ። ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት ፈድሉ ጥላ መስሎት መብራቱን ደጋግሞ አዛወረ። ጥላ አይደለም። ምንም ነገር እንዳታስተካክልበት።

አሁን ሁሉን ጥለህ መምጣት እንደሚያምርህ አውቃለሁ። ግን የመኖሪያ ወረቀትህ ገና አላለቀም፤ ከወጣህ እንዴት እንደምትመለስ አንተም አታውቅም፤ ኤልቤቴልስ ከነጨቅላዋ ለማን ትቀራለች? ይልቅ የአባዬን ስም ከማመልከቻው አውጣና የእማዬን ቀጥልበት። አደራህን፣ ተቆጥተህም ቢሆን እንዳትሰርዘው። ሲሞን «ሐዘንተኛ ቤቷ ትቀመጣለች እንጂ አውሮፕላን አትሳፈርም፤ ሰው ምን ይላል? ዓመቱ እስኪወጣ ይቅር» ብሏት ነበር። እኔም እውነቱን ለመናገር ከቤቷ ንቅንቅ የምትል አልመሰለኝም ነበር።

ሲሞን ሰላም ብሎሃል፤ ለአንተ አስቦ ነውና አትቀየመው፤ እኔም ታርቄዋለሁ። እህታችን ሀኒ ፈተና ላይ ናት፤ ድምፅህን ስትሰማ እንዳታለቅስ ፈርታ ነው ስልክህን የማታነሳው። ፈድሉ «አላህ ያጽናው፣ ሙሉ ልብሱንም ይቅር ይበለኝ» ብሏል። ኤልቤቴልን እቀፍልኝ፤ አማኑን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ።

እማዬ ሰላምታ በይልኝ አላለችኝም። ለሲሞን የመለሰችለትን እንዳለ ጻፊለት ነው ያለችኝ፦ «እኔ ቤት አገሩ ሁሉ መጥቶ አልቅሷል። ድንኳን ተጥሎልኛል፣ ጎረቤት አብስሎ አብልቶኛል። ሳምሶንም እኮ አባቱ ሞቶበታል፤ እሱ ቤት ማን ደረሰለት? እኔ ለሽርሽር አልሄድም፤ ልጄን ለቅሶ ልደርሰው ነው።»

እህትህ ፀጋ ሽብሩ
ዲላ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.