የተቀባው ኮፈን

ውድ ወንድሜ ሉጥፊ፣

መኪናዋን ገዛኋት። ኮፈኗ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ተቀብቷል። ይህን ስታነብ ሙስካት ሆነህ የምትጮኸው እዚህ ሰፈራችን ሹብራ ድረስ ይሰማኛል፤ እባክህ ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ትእዛዝህን አልረሳሁም። «ፊቷ የተቀባ መኪና ፊቷን የተመታች ናት፤ ሻጩ ምንም ቢምል ጥለሽ ሂጂ» ብለኸኛል። ከልጅነታችን ጀምሮ ጫማዬን እንኳ የምትመርጥልኝ አንተ ነበርክ። ስትሄድ መምረጡንም ይዘህ የሄድክ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን እማን በሳምንት ሦስቴ ለኩላሊት እጥበት የማመላልሳት እኔ ነኝ። ስንሄድ ደህና ናት። ስንመለስ ጉልበቷ አልቆ፣ ሚኒባስ ውስጥ የማታውቀው ሰው ትከሻ ላይ ተደግፋ፣ አፏን በሻሿ ይዛ ነው የምትመጣው። ባለፈው ወር «ኢንሻራህ፣ ከእንግዲህ ባልሄድስ?» አለችኝ። በስልክ አልነገርኩህም። የቸኮልኩት ለዚህ ነው፤ መሳሳት የፈራሁትም ለዚሁ ነው። ተገጭታ የተጠጋገነች መኪና ገዝቼ መንገድ ላይ ብትቆምብን፣ እማ ዳግመኛ ከቤት እንደማትወጣ አውቅ ነበር።

ባለመኪናው ኡስታዝ መምዱህ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ነጯ ፊያት ቤቱ ሥር፣ ከሰገነቱ በታች ቆማለች። ሰላም እንኳ ሳንባባል «ፋብሪካ ናት» አለኝ። «ከፋብሪካ ከወጣች ወዲህ ቀለም የሚባል አልነካትም።» ድምፁ ከፍ ያለ ነበር፤ ለእኔ እየነገረኝ ወደ ላይ ያያል። አልማለም። ይህን ልብ ብዬዋለሁ።

እንዳስተማርከኝ ማግኔቱን በመሐረብ ጠቅልዬ በየበሩና በየጎኑ አስኬድኩት። የበሮቹን ክፍተት በጣቴ ለካሁ። ሁሉም ደህና ነበር። ኮፈኑ ጋ ስደርስ ነጩ ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ጫፉ ላይ ጥፍሬ አንድ ቀጭን መስመር አገኘ። ቀቢ ፕላስተር ለጥፎ ያነሳበት መስመር ነው።

«ኡስታዝ፣ ይሄ ተቀብቷል።»

«ማን አለ?»

«ጥፍሬ።»

ከላይ ድምፅ መጣ። የሚስቱ እናት ሐጃ ታፊዳ ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው አተር ይፈለፍላሉ።

«አንቺ ልጅ፣ መኪና ነው የምትገዢው ወይስ ለወንድምሽ ሚስት ነው የምታጪው? ጥርሷን ቆጥረሽ አልጨረስሽም?»

«እያየሁ ነው፣ ሐጃ።»

«እዪ፣ እዪ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጭረት አላገኛትም። ለምን እንደሆነ መምዱህን ጠይቂው።»

እኔ ግን የአንተን ቃል አስታውሼ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ሰቅዬ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ዕንባዬ ሊመጣ ነበር። ኡስታዝ መምዱህ ጥጉ ጋ ደረሰብኝ።

«እህቴ፣ እዚያ ልናገር አልችልም፤ ትሰማኛለች። መኪናዋን የገዛሁ ዕለት አማቴ በግ አሳረደች። መዳፏን ደም ውስጥ ነክራ ኮፈኑ ላይ አተመች፤ ክፉ ዓይን እንዳያገኛት። መቼም ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። በማግስቱ ይታጠባል።»

«የእኔን አማት አታውቂያትም። ውሃ እንዳይነካው ብላ ከለከለች። ሐምሌ ነበር። ፀሐዩ ደሙን ቀለሙ ላይ አበሰለው። ቆይቼ ባጥበው ቀለሙም አብሮ ተላጠ። ሐጅ በሄደችበት አስቀባሁት።»

«ሲመለሱ መዳፉ የት ሄደ አላሉዎትም?»

«በረከቱ ወደ ብረቱ ገባ አልኳት።»

ሳቄን ዋጥኩት። ሉጥፊ፣ ውሸትም አንዳንዴ እንዲህ ያምራል፤ ስለዚህ ተመልሼ እንደገና ማየት ጀመርኩ። ኮፈኑን አስከፈትኩ። የውስጡ ቀለም የፋብሪካው ነው። ማጠፊያው ላይ ያሉት ብሎኖች መፍቻ አልነካቸውም። ከፊት ያለው ተሸካሚ ብረት ብየዳው እኩል እኩል ተሰልፎ፣ እንደተሠራ ነው። ብረቱ ተመትቶ የተቃና ቢሆን ቀለሙ ሥር ስቱኮ ይኖር ነበር፤ ማግኔቱም ባልያዘ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ግጥም አድርጎ ያዘ። በመጨረሻ ዝቅ ብዬ ኮፈኑን በጎን ብርሃን አየሁት። ቀለሙ ሥር አምስት ጣቶች አሉ። ቀቢው በደንብ ሳይፍቀው ነው የቀባው። እጄን አስቀመጥኩበት፤ መዳፉ ከእኔ ያንሳል።

ኡስታዝ መምዱህ የመኪናዋን ወረቀቶች ሊያመጣ ወደ ላይ ሲወጣ ሐጃ ታፊዳ አጎንብሰው ጠሩኝ።

«አገኘሽው?»

«ምኑን፣ ሐጃ?»

«እጄን ነዋ። ደህና አድርጎ ነው ያስቀባው?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር አይነበብም፤ አተራቸውን ይፈለፍላሉ።

«ያውቁ ነበር?»

«ከመካ ስመለስ ገና ቀለሙ ይሸት ነበር። በረከቱ ወደ ብረቱ ገባ ይለኛል፣ ጅል። እንዳትነግሪው። ሲፈራኝ ደስ ይለኛል።»

አልነገርኩትም። ተጨባበጥን፤ ቁልፉን ተቀበልኩ። ያንተን ሕግ የጣስኩት እንዲህ ነው። ከመግዛቴ በፊት ልደውልልህ ስልኬን አውጥቼ ነበር፤ መልሼ ከተትኩት። ዓይኔ ያየውን እጄም ዳስሶታል።

ትናንት እማ ከእጥበቱ ስትወጣ የፊቱን ወንበር ወደ ኋላ አጋድሜ አስቀመጥኳት። መስኮቱን ከፈትኩላት። እንደ ወትሮዋ ዓይኗን ጨፈነች። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ገለጠችው።

«ወዴት ነው የምትወስጂኝ?»

«ወደ ቤት፣ እማ።»

«ቤቱ የት ይሄዳል? እስቲ በናይል ዳር ዞር አድርጊኝ።»

በዝግታ ነዳሁ። አንዲት በቆሎ ጠባሽ አጠገብ አቁሚልኝ አለች። በቆሎ መብላት እንደማይፈቀድላት ላስታውሳት ስል ቀደመችኝ፤ «ማሽተትን ሐኪሙ አልከለከለኝም።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ጭሱን እየሳበች ብዙ ቆየች። አልቸኮልኩም። ስንነሳ መንገዱን እያየች «ቅዳሜ ከእጥበቱ ስንወጣ በወዲያኛው ዳር እንሄዳለን» አለችኝ።

«ቅዳሜ» አለች፣ ሉጥፊ። እኔ ሳልለምናት፣ ራሷ።

ስትመጣ ከአውሮፕላን ጣቢያ የምንቀበልህ ሁለታችን ነን። ከኋላ ትቀመጣለህ፤ የፊቱ ወንበር ባለቤት አለው።

እህትህ ኢንሻራህ