በቫንህ ውስጥ የተጀመረው ክርክር

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንተኛ ወሩ ገባ። ስትሄድ በራችን ላይ ያለው ዛፍ ቅጠሉን ማርገፍ ጀምሮ ነበር፤ አሁን እንደገና አቆጥቁጧል። ልጽፍልህ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በአፌ መናገር እንደሚያቅተኝ ታውቃለህ፤ በወረቀትም ያው ነኝ። ዛሬ ግን ከማንም በፊት ለአንተ መንገር የነበረብኝን ነገር ይዤ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። በአረጋውያን መጦሪያው የምትሠራበትን ሰዓት ጨምራለች፤ አሁን ቅዳሜም ትገባለች። አብዱ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። እማዬ ስትጠራው እስካሁን በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስላት፤ ከመግሪብ በኋላ ግን ማንም ሳያዘው ፋቲሃ ይቀራልሃል። በሽተኞች የምታመላልስበትን ቫን ድርጅቱ በሁለተኛው ሳምንት መጥቶ ወሰደው። እዚህ ብሩክሊን ሴንተር ያሉት የሰፈር ጎረቤቶቻችን መሞትህን ያመኑት የመኪና ማቆሚያው ባዶ ሲሆን ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ነው ደጋግመው በራችንን ማንኳኳት የጀመሩት። ወንድምህ፣ አጎቴ ሰይድ፣ ከሚስቱ ከእትዬ ዘይነባና ከሁለቱ ልጆቹ ጋር በየእሑዱ ከፍሮግታውን እየመጣ ይጠይቀን ነበር።

በበረዶው ወራት መሀል ለባንኩ የምንከፍለው የቤቱ ወርሃዊ ክፍያ ለእማዬ ብቻዋን እንደከበዳት ሁላችንም አወቅን። ማንም አልተናገረም። የተናገርኩት እኔ ነኝ። ትምህርቴን ልተውና እማዬ በምትሠራበት መጦሪያ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሙሉ ቀን ልግባ አልኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። ዘግይቼ ስለመጣሁ በክፍሌ ካሉት ልጆች ሁሉ ትልቋ ነኝ፤ ብወጣም የሚገርመው ሰው አይኖርም ብዬ አሰብኩ። እማዬ አለቀሰች። አጎቴ ግንባሬን ሳመኝና «ወንድሜ አልሞተም» አለ። ያ ቃል በጣም ከበደኝ። ለምን እንደከበደኝ በኋላ እነግርሃለሁ።

በዚያው ሳምንት የሶሻል ስተዲስ መምህሬ አንድ ሥራ ሰጥተውን ነበር። አያቶቻቸው ከውጭ የመጡ ሁለት ሕዝቦችን መርጠን የዛሬ ኑሯቸውን እንድናወዳድር ነው፤ ቤታቸውን፣ ትምህርታቸውን፣ ሥራቸውን፣ ገቢያቸውን። የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ እያንዳንዳችን ክፍሉ ፊት ቆመን እንናገራለን። ሌሎቹ ልጆች የራሳቸውን ወገን መረጡ። እኔ ስኮትላንዶችንና ፖርቱጋሎችን ጻፍኩ። መምህሬ ምክንያቴን ሲጠይቁኝ ወረቀቱን ሰጥቼ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። አንተ ግን ምክንያቱን ታውቀዋለህ።

ትምህርት ሲዘጋ አለቃህን አስፈቅደህ ከቫንህ የፊት ወንበር ታስቀምጠኝ ነበር። «እንግሊዝኛው ጆሮሽ ውስጥ ይግባ» ትለኝ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት አዛውንቶችን ወደ ዳያሊሲስ ታደርሳለህ፤ ኩላሊታቸው ሥራ ስላቆመ ደማቸው በማሽን ወደሚጣራበት ክሊኒክ። አንዱን እዚሁ ከሰፈራችን፣ ሌላዋን ከጎረቤት ከተማ ከኩን ራፒድስ። በስማቸው ብቻ መጥራት ነውር ሆኖብህ አባባ ዳግላስና እማማ ሉርደስ አልካቸው። ትርጉሙን ስትነግራቸው እማማ ሉርደስ ደስ አላቸው። አባባ ዳግላስ ግን «እኔ ልጅ የለኝም፤ አባባ ካልከኝ ግን ቁርሴን አንተ ነህ የምታመጣው» አሉህ።

የአባባ ዳግላስ አያት ከስኮትላንድ፣ የእማማ ሉርደስ አያት ከፖርቱጋል ደሴቶች ነው የመጡት። ቀበቷቸውን እንዳሰርክላቸው ክርክሩ ይጀመራል።

«አያቴ እዚህ አገር ሲደርስ በእጁ አንድ ሻንጣ ብቻ ነበር» ይላሉ አባባ ዳግላስ።

«ሁለት ነበር። ሁለተኛው ሻንጣ እንግሊዝኛው ነው» ይላሉ እማማ ሉርደስ።

«ድንጋይ ጠራቢ ነበር እንጂ ተናጋሪ አልነበረም።»

«ድንጋዩን የት አስቀምጥ ሲሉት ገብቶታል። የኔ አያት ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ስሙን እንኳ በየመሥሪያ ቤቱ ለየቅል ነው የጻፉለት።»

«ታዲያ ዛሬ ትልቅ ቤት ያለው ማን ነው?»

«ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻውን ቆሞ ሳንድዊች የሚበላውስ ማን ነው?»

አንተ ሳቅህን ይዘህ ድራይቭ ታደርጋለህ፤ ያልገባኝን ዝቅ ባለ ድምፅ በአማርኛ ትነግረኛለህ። ቤት ስንደርስ «ዛሬ ማን አሸነፈ?» ትለኛለህ። እኔ ሁልጊዜ እማማ ሉርደስ ስል «አንቺ ታዳያለሽ» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን አንተ ራስህ ገባህበት። «አባባ፣ አያትዎ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ሥራ የሰጠው ማን ነበር?» አልካቸው። ብዙ አሰቡና «የአገሩ ልጅ ነው። አለቃው ከዚያው ከመንደሩ የመጣ ሰው ነበር» አሉ። ከዚያ እስከ ክሊኒኩ ድረስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ። አንተ ቅር አሰኘኋቸው ብለህ ቀኑን ሙሉ ስትጨነቅ ዋልክ። እኔ ግን ስለ ራስህ እያሰብክ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው። ደሴ ላይ የውሃ መሥሪያ ቤት ቴክኒሻን ነበርክ። እዚህ አገር ስለ ቧንቧ የጠየቀህ ሰው እማማ ሉርደስ ብቻ ናቸው፤ ያውም የኩሽናቸው ቧንቧ ሲያፈስ።

ለለቅሶህ ሁለቱም መጥተው ነበር። እማማ ሉርደስ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው ከሴቶቹ መሀል ተቀመጡ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አልተናገሩም። እማዬ እስካሁን «ለቅሶ መድረስ ያውቃሉ» ትላለች። አባባ ዳግላስ ባርኔጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙና ለአጎቴ «በበረዶ ላይ አንድ ቀን እንኳ እጄን ለቆ አያውቅም» አሉት።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። በላይብረሪው ያገኘሁት ሠንጠረዥ ላይ የስኮትላንዶቹ ልጆች በገቢም በትምህርትም ከፍ ብለዋል። የፖርቱጋሎቹ በተለይ ኮሌጅ በጨረሱት በኩል ዝቅ ይላሉ። እኔም «ስኮትላንዶች በትምህርት ስለበረቱ የተሻለ ይኖራሉ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። መምህሬ ከሥሩ «ለምን?» ብለው መለሱልኝ። መልሱን ከሠንጠረዡ ስላጣሁት ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ ብቻዬን ኩን ራፒድስ ሄድኩ።

እማማ ሉርደስ ኩሽናቸው ውስጥ አስቀምጠው የጎመን ሾርባ ሰጡኝ። የአሳማ ሥጋ እንደሌለበት ሁለት ጊዜ ማሉልኝ። ለእሳቸው ሐኪሙ ስለከለከላቸው እኔ ስበላ ብቻ ያዩ ነበር። የመጣሁበትን ስነግራቸው ስልኩን አንሥተው፣ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍተው ደወሉ።

«ዳግላስ፣ የሾፌራችን ልጅ እኔ ጋ ናት። ስለ ሀብትህ ልትጽፍ ነው።»

«ሁለት ኩላሊት ነበረኝ፤ እሱንም ጨረስኩት በያት።»

«ቀልድህን ተውና ልጅቷን አናግራት።»

አባባ ዳግላስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ አባትሽ የጠየቀኝን ጥያቄ ጻፊ። መልሱንም ጻፊ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በርትተን ነው ያገኘነው ስል ኖሬያለሁ። በርትተናል፤ ውሸት አይደለም። ግን አያቴ ሲመጣ በሩን የከፈተለት ሰው ነበር። አባትሽ እስኪጠይቀኝ ድረስ ያንን ሰውዬ አስታውሼው አላውቅም።»

ስልኩ ሲዘጋ እማማ ሉርደስ የራሳቸውን ነገሩኝ። ያደጉት ማሳቹሴትስ ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት ነው፤ ታች አያቶቻቸው፣ መሀል አጎታቸው፣ ላይ እነሱ። ቤቱን የገዙት ሦስቱም ተጋግዘው ነው። አባታቸው ሲታመም እማማ ሉርደስ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ትምህርታቸውን ትተው እናታቸው ወደምትሠራበት የጨርቅ ፋብሪካ ገቡ። ቤቱ ከእጃቸው አልወጣም። ታናሽ ወንድማቸው ተምሮ ፋርማሲስት ሆነ።

«አይቆጭዎትም?» አልኳቸው። ይቆጨኛል፣ አንቺም ትምህርትሽን አትተዪ ይሉኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ትምህርት ልተው ማሰቤን ግን አልነገርኳቸውም።

ማንኪያዬን ትንሽ አዩና እንዲህ አሉኝ። «ለወንድሜ ያልነገርኩትን ልንገርሽ። እኔ የወጣሁት ለቤቱ ብዬ አልነበረም። መምህሯ ተነሥተሽ አንብቢ ስትለኝ ምላሴ ይተሳሰር ነበር፤ ልጆቹም ይስቁብኝ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ የማሽኑ ጩኸት ብዙ ነው፤ ማንም ተናገሪ አይልሽም። ቤቱ ደግሞ በዚያው ሰሞን ብር ይፈልግ ነበር። ሁለቱ ተገጣጠሙልኝ። ይኸው ወንድሜ ሸብቶም በየገናው ይነሣና ሰው ሁሉ ፊት ያመሰግነኛል። እኔ ደግሞ በየገናው ሳህን ልጠብ ብዬ እነሣለሁ።» ከዚያ ሳቁ። «ሾርባው በረደ፤ ብዪ እንጂ» አሉኝ።

መብላት አልቻልኩም አባዬ። መምህራችን ክፍሉ ፊት እንደምንቆም የነገሩን ሰኞ ዕለት ነው። እኔ ሥራ ልግባ ያልኩት በዚያው ሳምንት እሑድ ነው። ለቤቱ አልነበረም። ቤቱ ባይኖር ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር። አጎቴ «ወንድሜ አልሞተም» ሲለኝ የከበደኝ ለዚህ ነው። የአንተን ስም የለበስኩት ለመደበቂያ ነበር። በአውቶቡሱ ስመለስ እኔም እስክሸብት ድረስ በየበዓሉ ስመሰገን ታየኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም ሳሎን ተቀምጠው ሳሉ ሦስት ጊዜ ልናገር ወጥቼ ሦስት ጊዜ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። በአራተኛው እማዬ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

«ፈርቼ ነው። ለቤቱ ብዬ አይደለም ትምህርት ልተው ያልኩት።»

«ምን ፈርተሽ?» አለ አጎቴ።

«ሰው ፊት ቆሞ መናገር።»

አብዱ ሳቀ፤ እማዬ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ እጄን ይዛ «ያን ሁሉ ሸክም በልጄ ላይ ጫንኩባት እያልኩ ራሴን ስበላ ነበር» አለች። ተከፍታም፣ ቀልሏትም ነበር። አጎቴ ግን መሬት መሬቱን እያየ «ታዲያ ቤቱስ እንዴት ይሁን?» አለ። እውነቱን ነው፤ የእኔ መናገር ክፍያውን አልቀነሰውም።

ያኔ ስለ ሦስቱ ፎቆች ነገርኳቸው። ታች አያቶች፣ መሀል አጎት፣ ላይ እነሱ። የእኛ ምድር ቤት ሁለት ክፍል አለው፤ የጎደለው አንተ ጀምረህ የተውከው መታጠቢያ ቤት ብቻ ነው። አጎቴ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። እትዬ ዘይነባ ነጠላዋን በእጇ ስታጣጥፍ ቆየችና «እኔ ይህን ቃል ከእናንተ አፍ ስጠብቅ ወራት አለፈኝ። ሰውየው ከሞተ ገና በቅጡ ሳይቆይ ቤቱን ሊወርሱ መጡ እንዳንባል ፈርቼ ነው» አለች። እማዬም «እኔ ደግሞ ችግሬን ልጭንባቸው እንዳይመስላቸው ብዬ» አለች። ለካ ሁሉም ይሉኝታ ይዞት ነው በየእሑዱ ስለ አየሩ ሲያወራ የከረመው።

እነ አጎቴ ምድር ቤቱ ከገቡና ክፍያውን ከተጋሩን ሁለት ወር ሆናቸው። ቀላል አይደለም። ልጆቹ ይጮኻሉ፤ የታችኛው መታጠቢያ ቤት ገና ስላላለቀ ጠዋት ወረፋ ነው፤ እማዬና እትዬ ዘይነባ በሆነ ባልሆነው ይኮራረፋሉ። ቤቱ ግን የእኛ እንደሆነ አለ። እኔም ትምህርቴ ላይ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ ተራዬ ደርሶ ቆምኩ። በደንብ ተናገርኩ ብዬ አልዋሽህም። መምህሬ ሁለት ጊዜ «ጮክ በይ» አሉኝ። አንድ ልጅ ስልኩን ይነካካ ነበር። ሠንጠረዡን አሳየሁ፤ ማን ከፍ ማን ዝቅ እንዳለ ተናገርኩ። ቀጥዬም ለመጣው ሰው የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ማን እንደሰጠው የማይጽፍ ሠንጠረዥ ግማሽ ነው አልኩ። በአንድ ቤት ያደጉ እህትና ወንድም እንዳሉ፣ ሠንጠረዡ እሱን ከተማሩት፣ እሷን ካልተማሩት ጋር እንደሚቆጥር፣ ያለ እሷ ግን እሱ እዚያ እንደማይደርስ ነገርኳቸው። የእማማ ሉርደስን ምስጢር ግን አላወጣሁም። አንዲት ልጅ «ታዲያ የትኞቹ ይሻላሉ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኩና ተቀመጥኩ።

አባዬ፣ አንድ ቀን የእኛንም ኑሮ እንደዚያ ለክቶ የሚያስቀምጥ ሰው ይመጣል። ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ልጆች ብሎ አንድ መስመር ይጽፍልናል። አብዱ ምናልባት ከላይ ካሉት ይሆናል፤ እኔ የት እንደምሆን አላውቅም። አንተ ግን በየትኛውም አትገኝም፤ የሚቆጠሩት በሕይወት ያሉት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ይህን ቃል እሰጥሃለሁ። አብዱ አድጎ «በርትቼ ነው ያገኘሁት» ያለ ቀን አጠገቤ አስቀምጬ ማን በሩን እንደከፈተለት እነግረዋለሁ። ሌላም ሰው ከየት ተነሣችሁ ብሎ ከጠየቀኝ፣ ክፍል ሙሉ ሰው ቢያየኝም፣ ድምፄ ቢያንስም፣ ከአንተ ነው የምጀምረው።

አላህ ይዘንልህ አባዬ።

ልጅህ ሀያት