«ሞላና ወንድሙ» የሚለው ታፔላ

የካቲት 20

ወልድያ አቧራ በአቧራ ሆና ዋለች። የካፌ መስታወት ላይ ስቲከር ስለጥፍ ዋልኩ። ሳሙና ያለው ውሃ መርጨት፣ ስቲከሩን ማሳረፍ፣ ከዚያ በፕላስቲኳ መግፊያ ከመሐል ወደ ዳር ቀስ እያሉ መግፋት። ውስጡ አየር ከቀረ ያብጣል። ናጅዋ፣ የምሠራበት ማስታወቂያ ቤት ባለቤት፣ በጣቷ ዳብሳ አንድም ጉብታ አጣችበት። «ማሻአላህ» ብላ ሄደች። ጥሩ ቀን ነበር።

አመሻሽ ላይ ታላቅ ወንድሜ ሞላ ከመርሳ ደወለ። ከአባዬ ለቅሶ ወዲህ ተዘግቶ የከረመውን ሱቅ እሱና ትንሹ ወንድማችን በረከት ሊከፍቱት ነው። «ታፔላውን አንቺ ነሽ የምትሠሪልን። የቤተሰብ ሥራ ነው» አለኝ። የቤተሰብ… ደስ አለኝ።

የካቲት 22

የሚጻፈውን በቴሌግራም ላከልኝ። «ሞላና ወንድሙ የሕንፃ መሣሪያ መደብር»።

ደግሜ አነበብኩት። ደወልኩ።

«እኔስ?»

«አንቺስ ምን?»

«ስሜ የታለ?»

«ኧረ ፍሬሕይወት! ስም ነው እንጂ ምንድን ነው? ነገ አግብተሽ የሰው ቤት ትገቢያለሽ። ደግሞ ሥራ አለሽ።»

ሥራ አለሽ! አባዬ አልጋ ላይ ሲወድቅስ ምን ነበረኝ? ሞላ አዲስ አበባ፣ በረከት ደሴ። ጠዋት የሱቁን በር የምከፍት እኔ። ሲሚንቶ የማስጭን እኔ። ገበያተኛ አስቁሜ፣ ጓዳ ሮጬ፣ ጎኑ እንዳይቆስል የማገላብጠው እኔ። እነሱ ለፋሲካ ይመጡና «አባዬ ከሳ እኮ» ይላሉ። ዶሮ በልተው ይሄዳሉ።

ስልኩን እጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

የካቲት 23

የታፔላውን ፊደሎች ከስቲከር በማሽን ቆረጥኩ። ለምን ቆረጥኩ? እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው? እማዬን ፈርቼ? … እንጃ።

የካቲት 26

መርሳ ደርሼ መጣሁ።

ስደርስ ፀሐዩ ከርሯል። የታፔላው ቆርቆሮ ጋለ ማለት ስቲከሩ ገና ሲነካው ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፣ ማስተካከያ ጊዜ አይሰጥም። ጥላ ስር እናድርገው ብል ሞላ «ሰው እንዲያየው እዚሁ ደጅ» አለ። ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ሞላ» የሚለውን አሳረፍኩ። ልሙጥ። «ወንድሙ» ላይ ስደርስ መግፊያዋን መጫን ጀመርኩ። ቀስ ማለት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። በንዴት ገፋሁት። ተጨማደደ፣ አየር ያዘ። ሞላ ተነስቶ በጣቱ ጠቆመኝ።

«እዚህ ጋ አብጧል። አትችይም እንዴ?»

ቀና አልኩ። «የኔ ድርሻስ?» አልኩት። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

«የምን ድርሻ?»

«የአባዬ ሱቅ ነው። እኔም ልጁ ነኝ።»

ሳቀ። ቀለም ሊገዙ የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ወደነሱ ዞሮ ሳቀ። «አባቴን ያስታመምኩበት ይከፈለኝ ነው የምትይው?»

… ይህን ስጽፍ ጥርሴ ይፋጫል።

በጥፍሬ ጫፉን ያዝኩና ላጥኩት። ሞላንም፣ ወንድሙንም፣ ሁሉንም። ጠቅልዬ እግሩ ስር ወረወርኩለት። በረከት መሬት መሬት ያያል፣ ያ ፈሪ። እማዬ «ፍሬ፣ ተይ፣ ሰው እያየን ነው» አለች። በቃ፣ የተናገረችው ይህንኑ ብቻ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ተመለስኩ።

የካቲት 27

ከሞላ ይልቅ እማዬ ናት የምታበግነኝ። አይታለች እኮ! ማን ቀን ከሌት እንደቆመ አይታለች።

ለናጅዋ ነገርኳት። የሚያጽናና ነገር ጠብቄ ነበር። «ስቲከሬን አበላሸሽው… ይሁን» አለች። ቆይታ ደግሞ «መላጡስ ላጥሽው። ከዚያስ? በመላጥ ድርሻ አይገኝም፣ ወላሂ። ሂጂና ክሰሺ።»

ወንድምን መክሰስ?

መጋቢት 3

ከሰስኩ።

ማመልከቻ ጸሐፊው «ከወንድሞችሽ ጋር በሽማግሌ ብትጨርሱት አይሻልም?» አለኝ። «ይጻፉልኝ» አልኩት። ፍርድ ቤቱ መርሳ ስለሆነ ስመለስ በሱቁ በር አለፍኩ። ታፔላውን በሌላ ሰው አሠርተውታል። ፊቱ ሁሉ አየር ይዞ ፊኛ በፊኛ። ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። የተሳፈርኩበት ባጃጅ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን አለቀስኩ።

መጋቢት 5

ሞላ ደወለ። «የአባታችን አጥንት አይወቅስሽም?»

«አጥንቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ዘጋው። ከዚያ አጎቴ፣ ከዚያ አክስቴ፣ ከዚያ ስሟን እንኳ የማላውቃት ዘመድ… ሁሉም «ሰይጣንን አሳፍሪው» ይለኛል። ሰይጣኑ እኔ ነኝ እንዴ?

መጋቢት 14

እማዬ መጣች! ሳትደውል፣ ብቻዋን፣ በሚኒባስ። ሥራ ቦታዬን ጠይቃ አገኘችው። ናጅዋ ብድግ ብላ «ይግቡ እናቴ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለቻት።

«ልታስታርቂ ነው የመጣሽ?» አልኳት። ሰላም እንኳ አላልኳትም።

«ቀጠሮው መቼ ነው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ልመሰክር ነዋ።»

መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን ፈነዳሁ። ያን ቀን የት ነበርሽ አልኳት። ሞላ ሲስቅብኝ አፍሽን ሸፍነሽ ቆምሽ አልኳት። ብዙ አልኳት። ናጅዋ ቀስ ብላ ወጣች። እማዬ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ፣ አላቋረጠችኝም። ስደክም ቀና አለች።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው ጨርሺ። እኔ አልሄድም። ለሞላ ነግሬው ነው የወጣሁት።»

ምን አለሽ ብላት አልነገረችኝም።

መጋቢት 25

ዛሬ ችሎት ቀረብን። ገና አልተወሰነም። ለግንቦት ተቀጥሯል። ሞላ በሌላኛው በር ወጣ፣ እናቱን እንኳ ዞሮ አላያትም። ንዴቴም አልበረደም፣ ይበርዳል ብዬም አልዋሽም። በረከት ግን ደጅ ጠብቆን ውሃ ገዝቶ ሰጣት። እኔን ማየት አልቻለም።

እማዬ ስትምል ድምጿ ያንስ ነበር። ዳኛው «ይጠጉ እናቴ» አሉና መጀመሪያ የጠየቋት ከሟች ከአቶ ወልዴ ስንት ልጅ እንደወለደች ነው።

ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ሞላን ትክ ብላ አየችው።

«ሦስት» አለች። ጮክ ብላ።